ኩዌት የአራት ሰዓት መንገድ ናት፣ አባዬ

አባዬ፣

ቦሌ በር ላይ ሻንጣዬን ከትከሻህ አውርደህ ከሰጠኸኝ ሁለት ዓመት ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። አንተ ከሞትክ ደግሞ ነገ አርባህ ነው። «ከሞትክ» የሚለውን ስጽፍ ጣቴ ቀጥ አለ። ኩዌት አብረውኝ ያሉት ሴቶች «ዐረፈ» ነው የሚሉት። አንተ መቼ ማረፍ ታውቅና! እኔ እንደዛ አልልም።

የምጽፍልህ አውሮፕላን ውስጥ ሆኜ ነው፣ በስልኬ፣ መስኮት ጋ ተቀምጬ። ከኩዌት አሁን ነው የተነሳነው። ፊት ለፊቴ ካለው ወንበር ጀርባ ላይ ትንሽ ቴሌቪዥን አለች፣ ካርታ ታሳያለች። ካርታው ላይ አንዲት ነጭ አውሮፕላን አለች፤ እኛ መሆናችን ነው። ከስሯ አዲስ አበባ ለመድረስ ስንት ኪሎ ሜትርና ስንት ሰዓት እንደቀረን ይጽፋል። ዓይኔን ከሷ ላይ መንቀል አቃተኝ። እና አባዬ፣ ሳልዋሽህ፣ ቁጥሩ ባይቀንስ ደስ ይለኛል። ሰው ሀገሩ ሲገባ ቶሎ በደረስኩ ይላል አይደል? እኔ ይርዘም እያልኩ ነው። አብራሪው መንገድ ይሳት፣ ሲዞር ይዋል፣ ሲዞር ይደር፣ ያቺ ራሄል የምትባል ልጅ ያለችው ሁሉ ውሸት ይሁን።

ምን እንዳለች እነግርሃለሁ። ረጋ ብዬ። ስሜን ትዕግስት ብለህ ያወጣኸው አንተ ነህ፣ ሰፈሩ እስካሁን ይስቅብሃል።

መጀመሪያ የቤት ወሬ። እኔም በስልክ ነው የሰማሁት። መኪናህን ለሌላ ሹፌር ሰጥተውታል። ጋቢና ውስጥ ፊት ለፊትህ ለጥፈሃት የነበረችውን የማርያም ሥዕል እማዬ ራሷ ሄዳ ነቅላ አመጣቻት፤ አሁን ቡፌው ላይ ናት። ያ አንተ ማንም እንዳይቀመጥበት የምትቆጣበት ሶፋ፣ አሁን እማዬ «ተቀመጡበት» ብትላቸውም ማንም አይቀመጥበትም አሉ። እማዬ ደግሞ ከሩቅ የተሳቢ ክላክስ ስትሰማ ተነስታ ምግብ ታሞቃለች። እሷ አልነገረችኝም፤ ጎረቤት ነው የነገረኝ። ካሞቀች በኋላ ነው ትዝ የሚላት።

አንተ ርቀት የምታውቅ ሰው ነህ። ከአዳማ ጅቡቲ፣ ከጅቡቲ አዳማ፣ ዕድሜህ እዛ መንገድ ላይ ነው ያለቀው። ሰው ዕድሜ ሲጠየቅ ዓመት ይቆጥራል፣ አንተ ደርሶ መልስ ነበር የምትቆጥረው። እኔ ስወለድ እንኳ «ሚሌ ላይ ጎማ እየቀየርኩ ነበር» ነው ያልከኝ። የማንኛውም ነገር ርቀት ባንተ መስመር ነበር የሚለካው። ባሕር ዳር ስንት ነው ቢሉህ «ሚሌ ደርሰህ ትንሽ ማለፍ ነው» ትላለህ። ሰውየው ሚሌን በሕይወቱ አይቶ አያውቅም፣ ግን «አሃ!» ይላል።

ያኔ ስሄድ ምን እንደሆንኩ ታስታውሳለህ። ኤጀንሲው ሴቶቹን ሰብስቦ ባንድ ላይ ነው የላከን። ቀጥታ በረራ አልነበረም፤ ርካሹን ነው የቆረጡልን። መሀል ላይ ስሙን እንኳ በደንብ ያልያዝኩት ከተማ አውርደውን፣ የአውሮፕላን ማረፊያው ወለል ላይ ጫማችንን ተንተርሰን አደርን፣ ዋልን። ኩዌት ስንገባ ደግሞ የመክተቡ ሰውዬ እስኪመጣ አንድ ክፍል ውስጥ አጎሩን። መክተብ ማለት እዛ ሠራተኛ የሚያስመጣው ቢሮ ነው፣ ሳይስማሙ ሲቀሩም ሠራተኛ የሚመለሰው እዛው ነው። ስልክ ያገኘሁት ማዳም ቤት ከገባሁ በኋላ። «አባዬ ደረስኩ» ስልህ ከንፈርህ ሲቆጥር ይሰማኝ ነበር። «ሁለት ቀን!» አልክ። «በአውሮፕላን ሁለት ቀን! እኔ በመኪናዬ ብነሳ ለጡረታዬ ነበር የምደርሰው።»

በቃ፣ ከዛ በኋላ ወሬህ እሱ ሆነ። እማዬ ነግራኛለች። አዋሽ ሻይ ቤት ሹፌሮቹን ሰብስበህ «የኔ ልጅ ከሁላችሁም ረጅም መስመር ላይ ናት» ትላቸው ነበር። አንድ የሰፈራችን ሰው፣ የእህቱ ልጅ ኩዌት ያለችው፣ «ኧረ ቅርብ ነው» ቢልህ ልትደባደብ ምንም አልቀረህም። «ልጄ ሄዳበታለች፣ አንተ ምን ታውቃለህ!» አልከው አሉ። ሰውየው ተወልህ። ከዛ በኋላ ማንም አልተከራከረህም። እኔ ማንን እንደምመስል አየህ?

ምግብ አመጡ። ዓርብ ስለሆነ ሩዙን ብቻ በላሁ። ከታች አሸዋ ነው፣ አሸዋ ብቻ፣ ሰው የለ መንገድ የለ። ቁጥሩ ቀንሷል።

እሺ፣ ልንገርህ።

ማክሰኞ ጠዋት ነው የሞትከው። አዋሽ ላይ መኪናህን ጥግ አስይዘህ፣ ሞተር አጥፍተህ፣ ፍሬን ይዘህ፣ እዛው መሪው ላይ። ሹፌሮቹ ለሻይ ሊጠሩህ መጥተው ነው ያገኙህ። ልብ ነው አሉ። እኔ ማክሰኞ ጠዋት ምን እያደረግኩ ነበር? ጃብሪያ፣ ማዳም ቤት፣ ሳሎኑን እየወለወልኩ እየዘፈንኩ። ምንም አልተሰማኝም። ሰው «ውስጤ ነገረኝ» ሲል እሰማለሁ። የኔ ውስጥ ምንም አልነገረኝም አባዬ። ሲዘፍን ነበር።

ከሰዓት በኋላ ዋይፋዩ ጠፋ። «ኸርባን» አለች ማዳም፣ ተበላሸ ማለቷ ነው። እሺ። ግን ፎቅ ላይ ልጆቿ ጌም እየተጫወቱ ይጯጯሃሉ። እንዴት ያለ ዋይፋይ ነው ለኔ ብቻ የሚበላሸው?

ረቡዕ ደግሞ ማዳም ደግ ሆነች። ክፉ ሴት አይደለችም፣ ግን እንዲህ ደግ አይደለችም። «ዛሬ አትተኩሺ» አለችኝ። ካውያውን ከእጄ ወሰደችው! ኬክ በሳህን አምጥታ «ብዪ» አለችኝ፣ ቆማ እያየችኝ። ራሴን ዳበሰችኝ። አባዬ፣ እኛ ሴቶቹ እዛ አንድ ነገር እናውቃለን። ማዳም ያለ ምክንያት ደግ ከሆነች ወደ መክተብ ልትመልስሽ ነው፣ ሻንጣሽን ያዢ። የማያውቅ የለም። እኔም ያዝኩ። ሐሙስ ከሰዓት ሻንጣዬን ሳሎን መሀል ገትሬ፣ በዛው በተሰባበረ ዓረብኛዬ «ምን አጠፋሁ? ልትመልሺኝ ከሆነ እዚሁ በግልጽ ንገሪኝ! ኬክ አልፈልግም!» አልኳት። ሻንጣውን አየች፣ እኔን አየች፣ አፏን ይዛ እያለቀሰች ወደ ክፍሏ ሮጠች።

አሸነፍኳት ብዬ ደስ አለኝ።

ያን ሰዓት ነው የተቀበርከው። አንተን አፈር ሲያለብሱህ እኔ ስለ ኬክ ስጣላ።

ዓርብ የዕረፍት ቀኔ ናት። እትዬ ወይንሸት በማዳም ስልክ ደውላ «ማንጋፍ ነይ፣ የልጅ ክርስትና አለ» አለችኝ። እትዬ ወይንሸትን ታውቃታለህ፣ የእማዬ አብሮ አደግ፣ ሳባህ አል-ሳሌም ሰፈር ሳሎን ውስጥ ፀጉር የምትሠራው። ማንጋፍ ከሌሎች ሴቶች ጋር ቤት ተከራይታ ነው የምትኖረው። እኔ ጥፍሬን ቀይ ቀባሁ፣ ቢጫ ቀሚሴን ለበስኩ። ማዳም ራሷ ነድታ አደረሰችኝ። በታክሲ ነበር የምሄደው ሁሌ። መንገድ ሙሉ አንድ ቃል አልተናገረችም። ልትመልሰኝ መሆኑ ቁርጥ ነው፣ ቢያንስ ክርስትናውን ልብላ ብዬ ገባሁ።

ገባሁ። ሴቶቹ ሁሉ ጥቁር በጥቁር። እኔ ብቻ ቢጫ፣ እንደ ሙዝ።

«ልጁ የታለ?» አልኩ።

«ተኝቷል» አለች አንዷ።

«እናቱስ?»

«እሷም ተኝታለች።»

«እና ማንን ነው የምናስጠምቀው፣ ፍራሹን?»

ማንም አልሳቀም። እኔ ስናገር ገና አፌን ሳልከፍት የሚስቁ ሰዎች ናቸው። ከመስኮቱ አርቀው መሀላቸው አስቀመጡኝ። ውሃ ሰጡኝ፣ በፕላስቲክ ኩባያ። ዙሪያውን ሳይ ሁሉም ፕላስቲክ ነው የያዘው። እትዬ ወይንሸት እንግዳ ሲመጣ ባለ ወርቅ ጠርዝ ብርጭቆዎቿን ካላወጣች የምትታመም ሴት ናት። አንድም ብርጭቆ የለም። በኋላ ነው የገባኝ፤ ጸባዬን ስለሚያውቁ ሰብስበው ደብቀውት ነው።

«ትዕግስትዬ» አለች እትዬ ወይንሸት፣ እጄን ይዛ። «እንግዲህ ሁላችንም ሰው ነን። አባትሽን እግዜር ወስዶታል።»

መጀመሪያ የሳቅሁ ይመስለኛል። «የማን አባት?» አልኩ። እውነቴን ነው፣ «የማን አባት?» ነው ያልኩት። «የአንቺ» አሉኝ። «የኔ አባት ጅቡቲ ነው ያለው» አልኳቸው። «ነገ ነው የሚገባው» አልኳቸው። አስረዳኋቸው። እነሱ እንዳልገባቸው ዓይነት። አንዷ ማልቀስ ስትጀምር ነው የጮህኩት። እንዴት እንደጮህኩ አላስታውስም፣ ላይ ቤት ያሉ ህንዶች ወርደው በር አንኳኩ አሉ። የፕላስቲኩን ኩባያ ወረወርኩት። ግድግዳው ላይ ነጥሮ ተመልሶ እግሬ ስር መጣ። አይሰበርም። የሚሰበር ነገር እንኳ ከለከሉኝ።

«መቼ?»

«ማክሰኞ።»

«መቼ ተቀበረ?»

«ትናንት።»

«ማክሰኞ የሞተ ሰው እስከ ሐሙስ ምን ሲጠብቅ?»

«አጎትሽን ደምሴን። ከመቱ እስኪመጣ። ጅማ አድሮ ነው የደረሰው፣ በአውቶብስ።»

«እኔንስ?»

እትዬ ወይንሸት ፀጉሬን እየደባበሰች «አንቺማ የት ትደርሻለሽ ልጄ» አለች። «ሁለት ቀን ሙሉ በአየር። አባትሽ ራሱ ይል የነበረው አይደል? አጎትሽም ሲደውልልኝ እሱኑ ነው ያለኝ። በከንቱ ከምትንገበገቢ፣ ሰው ቤት ብቻሽን ከምትሰሚ ብለን ነው። ወግ ነው። ማዳምሽንም እኔ ነኝ እስከ ዓርብ ስልክ እንዳታገኝ ያልኳት።»

ይሄኔ ነው ራሄል ያ አፏ የተከፈተው። ራሄል በሰዓት እየተቀጠረች ቤት የምታጸዳ ልጅ ናት፣ ከኔ ትንሽ ብትበልጥ ነው፣ ፍሬን የላትም። ጥግ ላይ ተቀምጣ አፍንጫዋን እየጠረገች «የምን ሁለት ቀን?» አለች። «እኔ ለፋሲካ በቀጥታው አይደል የሄድኩት? አራት ሰዓት ነው። አንድ ፊልም አይቼ፣ ሁለተኛውን ሳልጨርስ ውረዱ አሉን።»

«ራሄል!»

«ምን ራሄል ራሄል ትሉኛላችሁ፣ ስለ መንገዱ እኮ ነው የማወ...» እዛ ላይ ለራሷም ገባት። አፏን በነጠላዋ ያዘች።

አባዬ፣ ሞትህን ስሰማ ጮህኩ። ይሄን ስሰማ ግን ድምፅ አልወጣኝም። እትዬ ወይንሸትን አየኋት። ዘጠኝ ዓመት ሀገሯን ያልረገጠች ሴት ናት፣ እሷም ያኔ እንደኔ በዙሪያ ነው የመጣችው። «አራት ሰዓት?» አለች፣ ቀስ ብላ፣ ለራሷ። እሷም አታውቅም ነበር። የዘጠኝ ዓመት ልጇን ነው ያሰበችው መሰለኝ። ጥላው ስትመጣ ጡት የሚጠባ ነበር።

አራት ሰዓት። አንተ በሰላሙ ቀን ከአዳማ ተነስተህ በዛ ሰዓት ምን ያህል ትሄዳለህ? ገዋኔ እንኳ አትደርስም። እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ጣሪያ እያየሁ የዓለም ጫፍ ላይ ነኝ ብዬ ነው የተኛሁት። አጎቴ ደምሴ ጅማ ላይ አልጋ ይዞ ሲተኛ፣ እኔ ሄጄ፣ ደርሼ፣ ተመልሼ፣ ደግሜ ሄጄ እደርስ ነበር። እሱን ጠበቁት። እኔን አልጠበቁኝም።

ማታ ማዳም መጥታ ወሰደችኝ። መኪና ውስጥ ሁለታችንም አለቀስን፤ እሷ እኔን እያየች፣ እኔ መንገዱን እያየሁ። የነገረችኝን የገባኝን ያህል ልንገርህ። እትዬ ወይንሸት ማክሰኞ ስትደውልላት ማዳም መጀመሪያ የጠየቀችው «አትሄድም እንዴ?» ብላ ነው። ፓስፖርቴን ከመሳቢያ አውጥታ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣው ነበር። «ሩቅ ነው፣ አትደርስም» ሲሏት መልሳ ከተተችው። «የናንተን ሀገር እናንተ ታውቃላችሁ ብዬ ነው» አለችኝ። እነሱ ሰው ሲሞትባቸው በዛው ቀን ነው የሚቀብሩት፣ በዛው ሰዓት ነው የሚናገሩት። «አባትን ከልጁ ለምን ትደብቃላችሁ?» አለችኝ። ምን ልበላት? ወጋችን ነው ልላት ነበር። ወግ የሚለውን በዓረብኛ አላውቀውም። «እንደዛ ነን» አልኳት።

ፓስፖርቱ ጠረጴዛ ላይ ነበር አባዬ! በሩ ክፍት ነበር! ክፉ ማዳም ብትሆን፣ ቤት ቆልፋብኝ ቢሆን፣ አንድ የምጠላው ሰው አገኝ ነበር። ማንን ልጥላ? የሚጠላ ሰው ስፈልግ ያገኘሁት አጎቴ ደምሴን ነው። ለአርባህ እልክሻለሁ አለችኝ ማዳም፤ እናቷ ሆስፒታል ስለነበረች እስካሁን ጠበቅኩ፣ ትናንት ትኬቱን አምጥታ ሰጠችኝ፣ ቀጥታውን። እኔ በነዚህ ቀናት ውስጥ ሳህን ሳጥብም ስተኩስም የማስበው አንድ ነገር ነበር። ድንኳኑ መሀል ገብቼ፣ ቄሶቹ ባሉበት፣ ሹፌሮቹ ባሉበት፣ «ደምሴ! አራት ሰዓት ነው!» ብዬ ልጮህበት። ጋሼ እንኳ ሳልለው። ቃሉን ተለማምጄዋለሁ። መስታወት ፊት።

አሁን ውሃ ታየኝ። ቀይ ባሕር መሆን አለበት፣ ካርታው እንደዛ ይላል። ቀይ አይደለም። ከተነሳን ብዙም አልቆየን እኮ! ከጎኔ ያለችው ሴትዮ አንድ እንቅልፍ እንኳ አልጨረሰችም። ራሄል አልዋሸችም። አባዬ፣ የማውቀውን ነገር ነው እንደ አዲስ የምደነግጠው። የሚነግሩህ ሌላ፣ በዓይንህ ስታየው ሌላ።

ጠቅላላውን ኪሎ ሜትርም አይቼዋለሁ፣ ከመነሳታችን በፊት። ባንተ መስመር ለካሁት። ከአዳማ ተነስተህ ጅቡቲ ብትደርስ፣ ወደ ቤት ብትመለስ፣ እንደገና ደግሞ ጅቡቲ ብትደርስ፣ በቃ፣ እዛ ጋ ናት ኩዌት። ለሰው ብነግረው «አሃ!» ይለኛል።

ያን ጉዟችንን አስታወስኩ አሁን። አስረኛ ክፍል ላይ ከዩኒት ሊደሩ ጋር ተጣልቼ፣ ደብተሬን ጠረጴዛው ላይ ወርውሬለት ለአንዴና ለመጨረሻ ጊዜ ስወጣ፣ እማዬ ትገድለኛለች ብዬ ነበር። አንተ ግን «ተማሪ ካልሆንሽ ተሳፋሪ ሁኚ» ብለህ ጋቢና ጭነህ ይዘኸኝ ሄድክ። መተሐራ ጋ ጎርፍ መንገዱን ቆርጦት መኪናው ሁሉ ተደርድሯል። ሰው ምንጣፍ አንጥፎ ካርታ ይጫወታል። አንተ ግራ ቀኝ አየህና ወደ አቧራው ታጠፍክ። መሪው ሲንቀጠቀጥ እኔ በማርያም እያልኩ፣ አንተ እየሳቅክ። እነሱ እዛ ቆመው እኛ አዋሽ ሻይ ጠጣን። «ሹፌር ማለት መንዳት የሚያውቅ አይደለም፣ አቋራጭ የሚያውቅ ነው» አልከኝ።

ስንመለስ ግን አቋራጭ አልነበረም። ዓይንህ ደም መስሎ፣ እንቅልፍ ሳትተኛ፣ ቡና ላይ ቡና እየደረብክ ነው የነዳኸው፣ እማዬ እንዳታስብ ብለህ። በር ከፍታ «ምነው፣ እንዴት ቶሎ ደረስክ?» ስትልህ «በአቋራጭ» አልካት። እኔን ጠቀስከኝ። ያን ቀን ገባኝ። ቶሎ በመጣህ ቁጥር እሷም ትጠይቅሃለች፣ አንተም መልስህ ያችው «በአቋራጭ» ናት። እማዬ እስከ ዛሬ ባሏ አቋራጭ የሚያውቅ ሰው እንደነበር እንጂ እንቅልፍ የማይተኛ ሰው እንደነበር አታውቅም።

ትናንት ደውላ ነበር እማዬ። «አልተነሳሽም እንዴ እስካሁን?» አለችኝ። «ነገ ነው» አልኳት። «በቃ ተይው የኔ ልጅ፣ ዓርብ ተነስተሽ ለቅዳሜ አትደርሺም። ሁለት ቀን ነው እኮ። ለሰማንያው ትመጫለሽ፣ አትንገላቺ። አባትሽም ይሄን አይወድም» አለችኝ። ድምጿ የሰለለ ነው፣ ግን ተረጋግታለች። ይገባሃል? የተረጋጋችው ርቀቱን ይዛ ነው። ልጄ ያልመጣችው ሩቅ ስለሆነች ነው ብላ። እሷ ናት እኮ አንተን ያለ እኔ የቀበረችህ፤ እሷ ናት ደምሴ በስልክ «ለልጅቷ አንንገራት፣ አትደርስም» ሲል «እሺ» ያለችው። ስልኩን ይዤ «እማዬ፣ አራት ሰዓት ነው» ልላት ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሷል። ያን ሁሉ ቀን የተለማመድኩት። አልወጣም አለኝ። «እሺ እማዬ» ብዬ ዘጋሁት።

ካርታው ላይ ያለችው አውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ ተጠግታለች። ከታች ቡናማ ተራራ ነው፣ ደረቅ ወንዝ ነው። ቅድም እንደ ክር የቀጠነች መንገድ አየሁ፣ ላይዋ ላይ አንድ ነገር የሚያብለጨልጭ። ያንተ መንገድ ትሁን አትሁን አላውቅም። ግንባሬን መስታወቱ ላይ አስደግፌ አንገቴ እስኪታጠፍ አየኋት። አንተ ዕድሜህን የጨረስክበትን፣ እኔ አንድ ጊዜ ውሃ ተጎንጭቼ አለፍኩት።

እና አሁን የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው። ዛሬ ከመምሸቱ በፊት አዳማ እገባለሁ። በሩን ሳንኳኳ እማዬ ትከፍታለች። ትናንት ማታ ኩዌት የነበርኩ ልጅ ዛሬ በሯ ላይ ቆሜ ስታየኝ፣ እኔ ምንም ሳልናገር ታውቀዋለች። ለካ ይደረስ ነበር! ለካ ልጄ አባቷን መቅበር ትችል ነበር! እኔን መርዶ ሲያረዱኝ ቢያንስ ብርጭቆውን ሰብስበዋል፣ መሀላቸው አስቀምጠው እጄን ይዘዋል። እማዬን ማን ይይዛታል? ድንኳን ውስጥ ልጮህ ያልኩት ጩኸት ደምሴን አልፎ የት እንደሚያርፍ አሁን ነው የታየኝ። እሷ ላይ ነው። ከሷም አልፎ አንተ ላይ ነው፣ አዋሽ ሻይ ቤት በኔ ስትኮራ በነበርከው ሰውዬ ላይ።

አልጮህም አባዬ። እኔ! ትዕግስት! ደንግጠሃል አይደል? እኔም ደንግጫለሁ። ለሹፌሮቹም ልጅህ ረጅሙ መስመር ላይ እንደሆነች ትቀራለች። አጎቴ ደምሴን ግን ሰው ሁሉ ከሄደ በኋላ ጓሮ ወስጄ ለብቻው እነግረዋለሁ። ጋሼ እያልኩ። ይችን እንኳ ፍቀድልኝ። ደግሞ ለሌላ ሰው እንዳይደግመው ነው፤ ማንጋፍ ላይ ስንት ሴት አለች እሱን የመሰለ አጎት ያላት።

አልረሳህም ምናምን አልልህም፣ ሁሉም የሚለው ነው። እኔ የምልህ፣ ከዛሬ ጀምሮ የትም ቦታ ልሂድ፣ ዓለም ዳርቻም ቢሆን፣ ርቀቱን የምለካው ባንተ ነው። ስንት ጅቡቲ ነው ብዬ። ልጅ ብወልድም እሷም እንደዛ ነው የምትቆጥረው። ሚሌን ሳታየው።

ቀበቶ እሰሩ አሉ። ገና ብዙ ነበረኝ የምነግርህ። ስለ ማዳም ልጆች፣ ስለ ባሕሩ፣ በፓስፖርቴ ሃያ አራት ዓመቴ ስለሆነ እዛ ሁሉም «ለምን አታገቢም» ስለሚሉኝ። ደብዳቤዬ ሳያልቅ መንገዱ አለቀ። እውነትም ይሄን ያህል ነው። ጆሮዬ ተደፈነ፣ ጎማው ወረደ፣ ቤቶቹ ቆርቆሯቸው ሁሉ ይታየኛል።

እማዬ በር ከፍታ «እንዴ! እንዴት ቶሎ ደረስሽ?» ስትለኝ የምላትን አግኝቻለሁ።

«በአቋራጭ» እላታለሁ። «አባዬ ነው ያመጣኝ።»

ልጅህ ትዕግስት